የተመዘነው ዱር

የከተማችንን ስም አልጽፈውም። ፈርቼ እንዳይመስላችሁ፤ የምፈራው ነገር ካለቀ ሰባት ዓመት አልፎታል። ስሙ የተጻፈበት የእንጨት ሰሌዳ ከከተማው መግቢያ ላይ ተነቅሎ ከሌላው እንጨት ጋር ሚዛን ላይ ወጣ። ከዚያ ወዲህ እንግዳው ስሙን አይጠይቅም፣ እኛም ብንጠየቅ ቶሎ አፋችን ላይ አይመጣልንም። ስለዚህ ይቅር። የኔ ስም መርሻ ነው። ሥራዬ አቤቱታ ጠራቢነት ነበር።

በከተማችን ልጅ ተወልዶ እትብቱ የወደቀ ዕለት፣ እትብቱ ይቀበርና በላዩ ችግኝ ይተከላል። ማን እንደ ጀመረው አይታወቅም፤ አባቶቻችን ያደርጉት ነበር፣ እኛም አደረግን። ሁሉም የሚቀብረው በምሥራቅ በኩል ባለው አንድ ሜዳ ላይ ስለ ነበር ሜዳው ውሎ አድሮ ዱር ሆነ። ግራሩ፣ ወይራው፣ ጽዱ፣ ብሳናው፣ ዋንዛው ተደባልቆ ከሺህ የማያንስ ዛፍ ቆመበት። ሰው ሲጣላ «አንተ እንደ ዛፍህ ጎባጣ!» ይባባል ነበር። ሠርግ ሲታሰብ የሙሽራው ወገን አስቀድሞ የልጅቷን ዛፍ ሄዶ ያያል፤ ምስጥ የጀመረው ከሆነ ነገሩ ይቀዘቅዛል። የቀረው አገራችን ራቁቱን የቆመ ሜዳ ስለሆነ ከዱሩ በቀር ጥላ የሚባል ነገር አልነበረንም።

ከዱሩ መሐል ምጥ ቤት ነበረች። የጭቃ ግድግዳ፣ ሁለት አልጋ፣ ከበሯ አጠገብ አንድ የውሃ ጉድጓድ፣ በቃ። ከእሷ ሌላ ለወላድ የሚሆን ቤት በከተማው የለም። አዋላጇ እትዬ ትርንጎ ነበረች። ከሃምሳ ዓመት በታች ያለውን የከተማውን ሰው ግማሹን እሷ፣ ግማሹን እናቷ ተቀብለዋል። እኔን የተቀበለችኝ እናቷ ናት፤ ትርንጎ ያኔ ልጅ ሆና ውሃ ታሞቅ እንደ ነበር እየነገረች፣ ስጠግብባት «ዝም በል፣ ስትወለድ አይቼሃለሁ» ትለኝ ነበር።

የሰውን ልጅ ሁሉ በእጇ የተቀበለች ሴት የራሷ አንድ ብቻ ነበረቻት። ያቺም አሥራ አንድ ቀን ኖራ ሞተች፤ ስም እንኳ አልወጣላትም። ዋንዛዋ ግን በቀለ። ከምጥ ቤቷ በር ፊት ለፊት ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አደገ፣ ሰፋ፣ አበበ፣ አፈራ። ትርንጎ ማለዳ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ግንዱን በመዳፏ መታ መታ ታደርግና «አደርሽ ወይ?» ትለዋለች። ከተማው ይህን ያውቃል፤ ደግሞም ሳቅ የማያውቅ ከተማ ሆኖ አይደለም፣ በዚህ ግን ማንም ስቆ አያውቅም።

አንድ ቀን የስፋት ቢሮ አዋጅ አወጣ። የስፋት ቢሮ ማለት ጠባብ ነገር ሁሉ እንዲሰፋ የሚሠራ መሥሪያ ቤት ነው፤ ከዚያ በፊት መንገዱን አስፍቶ ቤቶቻችንን አጥብቦልን ነበር። አዋጁ እንዲህ ይላል፦ ከላይ የሚመጡ ሹማምንት በዓመት አንድ ጊዜ ሲጎበኙን ሕዝቡ ቆሞ የሚጠብቅበት በቂ ሜዳ የለም። ሕዝቡ ዱሩ ውስጥ ሆኖ ሲጠብቅ ጥላው ስለሚያስተኛው ሹማምንቱ በተኛ ሕዝብ መሐል ለማለፍ ተገደዋል። ከምጥ ቤቱ የሚወጣው ጩኸትም ከተዘጋጀው እልልታ ጋር እየተደባለቀ አቀባበሉን አበላሽቷል። ስለዚህ ዱሩ ተነሥቶ የመጠበቂያ ሜዳ ይሆናል። ወላዶችም ወደፊት በሚገለጽ ቦታ ይወልዳሉ።

አዋጁን በጡሩምባ ያሰማን ጋሽ ልየው ነበር። ልየው የለቅሶ ጡሩምባ ነፊ ነው፤ ሰው ሲሞት በየሰፈሩ እየዞረ የሚያረዳን እሱ ነው። አዋጁን ለፍፎ ሲጨርስ ጡሩምባውን መሬት ላይ አስቀመጠና፣ «ጎበዝ፣ ይኼ ነገር እኔ እስከ ዛሬ ካረዳሁት ለቅሶ ሁሉ ይበልጣል። ዝም ልንል ነው እንዴ?» አለ። ዝም አላልንም። የዱር ጠባቂዎች ማኅበር የተመሠረተው እዚያው ቆመን ነው። ልየው ሊቀመንበር ሆነ፣ እኔ ጸሐፊ ሆንኩ። ያን ዕለት በጣም ደስ ብሎኝ ነበር፤ መዋሸት አልፈልግም፣ በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ከሰው ጋር አንድ ሆኜ አላውቅም።

አሁን ስለ አቤቱታ መናገር አለብኝ። እኛ ዘንድ አቤቱታ በወረቀት አይቀርብም፤ ወረቀት ማንም የፈለገውን ይጽፍበታል ተብሎ ከቀረ ቆየ። ደንቡ ሁለት ነው። አቤቱታው አቤት ከተባለለት ነገር ከራሱ ይሠራል፤ ከዚያ ይመዘናል። አንባቢ የሚባል ሹም የለንም፣ መዛኝ ነው ያለን። ክብደቱ ከሞላ ሕዝቡ እውነቱን ነው፤ ካልሞላ አልተቸገረም ማለት ነው። ስለ ዳቦ አቤት ያሉ ሰዎች ዳቦ ላይ አስጽፈው አቀረቡ፤ ተመዘነ፣ ጎደለ፣ ቢሮው ቁርስ አደረገው። ውሃ ጠፋብን ያሉት ከየቤታቸው የተረፈውን ሰባ እንስራ ውሃ ተሸክመው ሄዱ፤ እሱም ጎደለ፣ የቢሮው አትክልት ግን በዚያ ሳምንት ለመለመ። የላይ ሰፈር ሰዎች መንገዳችን ይጠገን ብለው የመንገዱን ድንጋይ ነቅለው አቀረቡ። የእነሱ ሞላ። ተፈቀደላቸውም፤ የሚጠገን መንገድ ግን አልተገኘም።

ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ድንጋዩን የጠረብኩላቸው እኔ ነኝ፤ ዳቦው ላይ በሚስማር የጻፍኩት እንኳ እኔ ነኝ። ሆኖም የሰው ሞኝነት ሞኝነት ይመስላል፣ የራስ ሞኝነት ግን ብልሃት ይመስላል። መዛኙ ዘንድ ሄጄ ለዚህ ጉዳይ ስንት እንደሚበቃ ስጠይቀው፣ ጉንጩ ሞላ ያለ ትሑት ሰው ነው፣ «ለአንድ ዱር ሁለት መቶ ኩንታል በቂ ነው» አለኝ። ለስብሰባው ይህን ይዤ ስመጣ እንደ ምሥራች ነበር የነገርኳቸው።

«ከሺህ ዛፍ መቶ ቢቆረጥ ምን አላት?» አልኩ። «ዘጠኝ መቶውን እናድናለን።»

እትዬ ትርንጎ ከኋላ ተቀምጣ ነበር። እጇን አላወጣችም፤ እሷ እጅ ማውጣት አታውቅም።

«መርሻ፣» አለችኝ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅህ። ልጇ እንዳይሞት ብላ ጣቱን የቆረጠች እናት አይተሃል?»

«እትዬ፣ ይኼ ሕግ ነው እንጂ…»

«ሕግ መሆኑንማ ሰማሁ። የጠየቅሁህ አይተሃል ወይ ነው።»

ሰው አጉረመረመ። ልየው ተነሥቶ፣ «ትርንጎዬ፣ አንቺስ ብትሆኚ እናትን ለማትረፍ ስንት ነገር ትቆርጫለሽ» አላትና ሁሉም ሳቀ፤ እሷም ትንሽ ፈገግ አለች። ጥያቄዋ እንደዚያ ሆኖ ቀረ። እኔም ለአርአያ ብዬ መጀመሪያ የራሴን ጽድ አስቆረጥኩ። ልየው ጡሩምባ ነፋልኝ፣ ሴቶች እልል አሉ። ከዚያ ወዲህ ወገቤን ያመኛል፤ ሐኪሙ እርጅና ነው ይላል።

እንጨቱ ተሰነጠቀ፣ ሳንቃ ሆነ፣ እያንዳንዱ ሳንቃ ላይ «ዛፎቻችንን አትንኩብን» ብዬ ጠረብኩ። ሁለት ወር ፈጀብኝ። በጋሪ ጭነን መዛኙ ግቢ ስናደርሰው መዛኙ በር ድረስ ወጥቶ ተቀበለን፣ እጃችንን አንድ በአንድ ጨበጠን፣ ተራችን ከሦስት ወር በኋላ እንደሚደርስ ነገረን። ሳንቃው ፀሐይ ላይ ተደርድሮ ጠበቀ። ሦስት ወር ሆኖት ሲመዘን መቶ ሠላሳ ኩንታል ወጣ።

«ሁለት መቶ ነበር እኮ!» አለ ልየው። «በጓሯችን መዝነነው ነው ያመጣነው!»

«ያን ጊዜ ሁለት መቶ ተቸግራችሁ ነበር» አለ መዛኙ በእርጋታ። «አሁን ግን ጭንቀታችሁ ቀለል ብሎላችኋል። እንኳን ደስ ያላችሁ።»

እንጨት እርጥብ ሆኖ እንደሚከብድ፣ ሲደርቅ እንደሚቀል ማንም ያውቃል። መዛኙም ያውቃል። ሕጉ ግን የሚያውቀው ሚዛኑን ነው። የጎደለውን ለመሙላት ተመለስን፣ ቆረጥን፣ ጠረብን፣ አደረስን፣ ተራ ጠበቅን። አዲሱ ሲደርቅ ጎደለ። አሁንም ሞላን። በዚህ መሐል አንድ ቀን መዛኙ ራሱ ዱሩን ሊያይ መጣ። ጉቶውን እየቆጠረ ተዘዋወረ፤ እውነት ለመናገር ፊቱ ላይ ሐዘን ነበር።

«ዛፉ እያለቀ እኮ ነው» አለን። «ነገሩ አስቸኳይ ሆኗል። ለአስቸኳይ ጉዳይ ደግሞ ሚዛኑ እጥፍ ነው፤ አራት መቶ ታደርጉታላችሁ።»

አራት መቶውን ልንሞላ ስንል እጅግ አስቸኳይ ሆነ፤ ስምንት መቶ። ሰው እልህ ያዘው። ይህን ያህል ከሄድን በኋላ ማቆም የቆረጥነውን ሁሉ በከንቱ ቆረጥነው ማለት ነው፤ ይህን ደግሞ የሚሸከም ትከሻ አልነበረንም። የልጅ ዛፍ፣ የሞተ አባት ዛፍ፣ የመንታ ዛፍ፣ ሁሉም ወደቀ። የቀረ እንዳይኖር የከተማው መግቢያ ሰሌዳም ተነቀለ። ሰው ዛፉን ባስቆረጠ ማግስት ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ይጎድለዋል፤ ምን እንደሆነ ግን አትለዩትም። ሁለት ዓመት እንደዚህ አለፈ።

እትዬ ትርንጎ ከእኛ ጋር አልተጣላችም። በራሷ አሳብ ሊቀ ሰሚ ዘንድ ሄደች። ሊቀ ሰሚ የሕዝብን ብሶት ለመስማት የተሾመ ትልቅ ሰው ነው፤ ሲሰማም ያለቅሳል፣ ሥራው ይኸው ነው። እኔ አጅቤያት ስለሄድኩ አይቻለሁ። ስለ ምጥ ቤቷ ነገረችው፣ ያለ ጥላ የሚጠብቁ ነፍሰ ጡሮች እንዴት እንደሚዝሉ ነገረችው፣ ስለ ዋንዛው ነገረችው። ሰውየው አምርሮ አለቀሰ። እንባው ጺሙን ሲያርሰው ጊዜ አዝና መሐረቧን ሰጠችው።

«ታዲያ ምን ያደርጉልኛል፣ ጌታዬ?» አለችው።

«እኔ የተሾምኩት ልሰማ ነው፣ እናቴ» አላት አፍንጫውን እየጠረገ። «ሰምቻለሁ።»

ደጅ ስንወጣ፣ «ቢያንስ አለቀሰልን» አልኳት።

«መሐረቤን ይዞ ቀረ» አለች። 

ዱሩ አልቆ አንድ ዛፍ ብቻ ቀረ፤ የእሷው ዋንዛ። ያም ሆኖ ሦስት ኩንታል ጎደለን። ሦስት ኩንታል! ልየውና እኔ ምጥ ቤቷ ድረስ ሄድን። ጥላው ሥር ሦስት ነፍሰ ጡሮች ተቀምጠው ነበር፤ በከተማው የቀረው ጥላ ያ ብቻ ነበር። ከሦስቱ አንዷ ዘርፌ ናት፣ የጎረቤቴ ልጅ፣ የመጀመሪያዋ ነው፤ ቀኗ ገብቶ ነበር።

«ትርንጎዬ፣» አለ ልየው፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ «ሁላችንም የልጆቻችንን ሰጥተናል። የኔን የአምስት ልጅ ዛፍ ታውቂዋለሽ። በአንድ ዛፍ ምክንያት የሺውን ድካም ውሃ ይብላው?»

«የእናንተ ልጆች እኮ ዛፋቸው ቢቆረጥ እነሱ አሉ» አለች። «የኔዋ ሌላ ምን አላት?»

«ይገባኛል፣ ግን…»

«አይገባህም፣ ልየው። እኔ ልጄን ሁለት ጊዜ አልቀብርም።»

ይህን ስትል ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ልየው ግን ሲመለስ መንገድ ላይ፣ «ይኼ ስስት ነው» አለ፤ በማግስቱ ይህ ቃል ከተማውን አዳረሰ። ገበያ ላይ ሴቶች ፊታቸውን አዞሩባት፤ ራሷ ያዋለደቻቸው ሴቶች። ሁለት ዓመት ሙሉ በስፋት ቢሮ ላይ ያጠራቀምነው ንዴት መድረሻ አጥቶ ነበርና እሷ ላይ አረፈ። ምሳር የያዘውን ትቶ ዛፍ የያዘውን መጥላት እንዴት ቀላል እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የተማርኩት።

ዘርፌን ምጥ የያዛት ዓርብ ጠዋት ነው። ሕፃኗ በጭንቅላቷ ሳይሆን በእግሯ እየመጣች ነበር፤ እንዲህ ያለ ምጥ ለደቂቃ እንኳ እጅ አያስለቅቅም። ይህን የከተማው ሰው ሁሉ ሰማ፤ እኛም ሰማን፤ ሰምተንም ሄድን። ያን ሰዓት የመረጥነው የትርንጎ እጅ እንደማይለቅ አውቀን ነው። በሌላ ቃል ልጽፈው ሞክሬ ነበር፣ አልሆነልኝም። ሁለት ሰዎች መጥረቢያ ያዙ፣ ልየው ሰው ያስተባብራል፣ እኔ ዛፉ ምጥ ቤቱ ላይ እንዳይወድቅ ገመድ ሳብኩ።

ውስጥ የሆነውን ዘርፌ ናት በኋላ የነገረችኝ። «የመጀመሪያውን ምት ስትሰማ ቀና አለችና በሩን አየችው» አለችኝ። «እጇ ግን ልጄ ላይ ነበር። ‹እትዬ፣ ሂጂ› አልኳት፣ እኔው ነኝ ያልኳት። ‹ዝም በይና ግፊ› አለችኝ። መጥረቢያው ሲመታ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ምቱ ሲያልፍ ትገልጣለች። እንደዚያ እያደረገች ነው ልጄን ያወጣችልኝ።»

ዛፉ ወደቀ። ትንሽ ቆይቶ የሕፃን ለቅሶ ተሰማ። ከዚያ እትዬ ትርንጎ በሩ ላይ ወጣች፤ እጆቿ እስከ ክርኗ ደም ነበሩ። ገመዱ አሁንም በእጄ ነበር። ጉቶውን አየች፣ እኔን አየች፣ ልየውን አየች። ልትሰድበን ነው ብዬ ጠበቅሁ፤ ብትሰድበን ኖሮ እስከ ዛሬ ትንሽ እንቅልፍ ይኖረኝ ነበር።

«ሴት ናት» አለች። ተመልሳ ገባች።

የዋንዛው ሳንቃ ሳይደርቅ ያንኑ ቀን ጠረብኩት፣ የጎደለው ሦስት ኩንታል ብቻ ስለ ነበር ያለ ተራ ያንኑ ቀን ተመዘነ። ስምንት መቶ ኩንታል ሞላ፣ እንዲያውም ከሞላ አለፈ። መዛኙ እኛን አቅፎ ሳመን። አቤቱታችን እውነት ሆነ። ልየው ጡሩምባውን እየነፋ ሰፈር ለሰፈር ሲዞር፣ በልማድ የሚያውቀው የለቅሶውን ዜማ ብቻ ስለሆነ፣ ብዙ ሰው ማን ሞተ እያለ ነጠላውን ዘቅዝቆ ወጣ።

ውሳኔው በአራተኛው ቀን ተነበበልን። የሕዝቡ አቤቱታ ሙሉ በሙሉ ተቀባይነት አግኝቷል። ቦታው በዛሬው ዕለት በተገኘበት ሁኔታ ለዘለዓለም ይጠበቃል። ምንም አይቆረጥበትም፣ ምንም አይተከልበትም፣ ሰውም አይረግጠውም። ሰው ስለማይረግጠውም ምጥ ቤቱ ይዘጋል። ሹማምንት በሚመጡበት ቀን ብቻ ሕዝቡ በልዩ ፈቃድ ገብቶ ቆሞ ይጠብቃቸዋል። የስፋት ቢሮ ቅር አላለውም፤ እንዲያውም ለአጥሩ የሚሆን ሚስማር በነፃ ሰጠ። አጥሩ የተሠራው ከአቤቱታችን ሳንቃ ነው። ዙሪያውን ስትሄዱ «ዛፎቻችንን አትንኩብን፣ ዛፎቻችንን አትንኩብን» እያላችሁ ማንበብ ነው፤ ጽሑፌ ከሩቅ ያምራል ይላሉ። ከውስጥ አፈርና ጉቶ ነው ያለው።

የአጥሩ ዘበኛ ሆኖ የተሾመው ጋሽ ልየው ነው። ሹመቱ «የዱር ጠባቂ» ይባላል፤ ኮፍያም አለው።

በስምንተኛው ቀን የዘርፌ ልጅ እትብት ወደቀ። እትዬ ትርንጎ እትብቱን በጨርቅ ቋጥራ ወደ አጥሩ ሄደች። ልየው ሲያያት ከወንበሩ ብድግ አለ፣ ኮፍያውን አወለቀ፣ ደግሞ መልሶ አደረገ።

«ትርንጎዬ፣ ነፍስህን ስጠኝ ብትይኝ እሰጥሻለሁ» አላት። «ግን ሕጉን ያመጣነው እኮ እኛው ነን። እኛው አፍርሰን እንዴት ይሆናል?»

አልተከራከረችውም። ወደ እኔ ቤት መጣች። መዶሻና መሮዬ ጠረጴዛው ላይ ነበሩ፤ ካለፈው ዓርብ ጀምሮ አልነካኋቸውም። ቋጠሮውን አሳየችኝ።

«ለዚች ልጅ አቤቱታ ጥረብልኝ» አለችኝ። «አንድ ክንድ መሬት ይስጧት። ሌላ ምንም አልልም።»

ደንቡን ታውቀዋለች፤ እኔም አውቀዋለሁ። አቤቱታው አቤት ከተባለለት ነገር ከራሱ ይሠራል፤ ከዚያ ይመዘናል። «እትዬ፣» አልኳት፣ «አይሞላም።»

«ስንት ይሆናል?»

ቋጠሮውን ፈትታ መዳፌ ላይ አስቀመጠችው። የደረቀ ቀጭን ነገር ነው፣ እንደ ጭራሮ ቁራጭ። ዓይኔን ብጨፍን እጄ ላይ መኖሩንም አላውቅም ነበር። ያን ጊዜ አለቀስኩ፤ ሊቀ ሰሚ እንዳለቀሰው ሳይሆን አፌን ይዤ። ትርንጎ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። የምትሰጠኝ መሐረብ አልነበራትም።

«እንግዲያው አንተ ቤት ይሁን» አለች። ከጉያዋ አንድ የዋንዛ ፍሬ አወጣች፤ ከወደቀው ዛፍ ሥር ለቅማ ያስቀመጠችው ነው። ከቤቴ ደፍ ፊት ለፊት ተንበርክካ በገዛ መሮዬ ጉድጓድ ቆፈረች። ግቢ የለኝም፤ የስፋት ቢሮ መንገዱን ሲያሰፋ ወስዶታል፣ ከደፌ ቀጥሎ ያለችው አንድ ክንድ አፈር ብቻ ናት የቀረችኝ። እትብቱንና ፍሬውን አብራ ቀበረች፣ አፈሩን በመዳፏ መታ መታ አደረገች።

«ልጅቷ አድጋ ዛፌ የት ነው ስትል አንተ ንገራት» አለችኝ። «እኔ አልችልም። አንተ ጸሐፊ ነህ።»

ዘርፌ ልጇን ጥላነሽ አለቻት። ምጥ ቤቱ ከተዘጋ በኋላ ሴቶች በየቤታቸው ይወልዳሉ፤ ትርንጎ ስትችል ትደርስላቸዋለች፣ ሳትደርስ የሞቱትን ልየው በጡሩምባው ነግሮናል። ቁጥራቸውን አልጽፍም፤ በቁጥር ያደረግነው ነገር ይበቃናል። ትርንጎ ራሷ ያለፈው ክረምት አረፈች። ሰባቱን ዓመት በሙሉ ሰላምታ አልነፈገችኝም፤ በደጄ ስታልፍ ግን ያቺን አንድ ክንድ አፈር በሰፊው ዞራ ነበር የምታልፈው።

ጥላነሽ የመጣችው ትናንት ነው። ማንበብ የተማረችው ከአጥሩ ላይ ነው፤ የከተማው ልጆች ሁሉ ፊደል የሚቆጥሩት ከዚያ ነው። ደጄ ላይ ቆማ፣ «አባባ መርሻ፣ እናቴ ዛፌ አንተ ዘንድ ነው አለችኝ» አለችኝ። አስቀመጥኳትና ሁሉንም ነገርኳት፤ ለእናንተ እንደነገርኩት፣ ገመዱንም ሳልደብቅ። ሰባት ዓመቷ ነው፣ ያልገባት ብዙ ነው። ስጨርስ አፈሩን ዝቅ ብላ አየችው። ጠፍጥፎ እንደ ድንጋይ ሆኗል።

«ታዲያ ለምን አልበቀለም?» አለችኝ።

አሰብኩ። ውሃ አላጣም፤ ጣሪያዬ የሚያፈሰው እዚያው ላይ ነው። ፀሐይ አላጣም፤ ፀሐይማ ከተረፈን ቆየ። ከዚያ ወደ ቤቴ የምገባው በየት እንደሆነ አሰብኩ፤ ሰባት ዓመት፣ ጠዋት ስወጣ፣ ማታ ስገባ፣ በጫማዬ።

«ስለምረግጠው ነው» አልኳት።

 ቀና ብላ በሩን አየችው፣ ከዚያ መስኮቱን አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ።

ከትናንት ጀምሮ የምገባውም የምወጣውም በመስኮት ነው። ወገቤን ስለሚያመኝ ጊዜ ይፈጅብኛል፤ ጎረቤት ቆሞ ይስቃል፣ ይሳቅ። በሩን በሚስማር መትቼዋለሁ። አፈሩን በመሮ አላላሁት፣ ውሃም አጠጣሁት። ዛሬ ጠዋት ጎንበስ ብዬ መታ መታ አደረግሁትና እንደ እሷ «አደርሽ ወይ?» ልል አፌን ከፈትኩ። አላልኩም፤ ያን ለማለት መብት ያለኝ ሰው አይደለሁም። አፈሩ ላይ እስካሁን ምንም የለም።